በረዶ ድቡልቡል ነው፦ ሲሜትሪን ለልጆች በየወቅቱ ዕቃ ስለማስተማር



ስትገቡ በር ላይ እያንዳንዳችሁ አንድ ካሬ ወረቀት ተቀብላችኋል። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት እሱን አንድ ነገር እናድርገው። በሁለት እጠፉት። እንደገና በሁለት እጠፉት፤ ትንሽ ካሬ ይሆናል። አሁን ከአራቱ ጫፎች አንዷ ወረቀቱ ተዘርግቶ ሳለ መሐል የነበረችው ናት። እሷን ፈልጉና በእሷ ላይ በሚያልፍ ሰያፍ መስመር አንድ ጊዜ ጨምራችሁ እጠፉት። ሦስት ማዕዘን ሆነላችሁ። ያችን የመሐል ጫፍ ቆንጥራችሁ ቅደዷት። ከዚያ ከታጠፉት ጎኖች በአንዱ፣ መካከሉ ግድም፣ በጥፍራችሁ ትንሽ ቅዳጅ አውጡ። በቃ፤ አትክፈቱት። ልጆች፣ እናንተም አትክፈቱት! ጉልበታችሁ ላይ ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

መምህርነትን በጀመርኩበት ዘመን ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ባለ ቀለም መጽሐፍ ነበረኝ፤ ከእጄ አላወጣውም። የሲሜትሪ ምዕራፉ የሚከፈተው በበረዶ ሥዕል ነው፤ ስድስት ክንድ ያለው፣ ዳር ዳሩ እንደ ዳንቴል የተሠራ። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ገለበጥኩና «ይህ በረዶ ነው፤ በዚህ መስመር ብናጥፈው አንዱ ጎን ሌላው ላይ ልክ ይገጥማል» አልኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በረዶ እንደዚህ አይደለም። ድቡልቡል ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከጥቂት ቀናት በፊት የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ የዋለ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ልጆቹ ከደጅ እየለቀሙ አፋቸው ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ። እኔ ግን ተቆጣሁ። «ይሄ የፈረንጅ አገር በረዶ ነው» ብዬ አለፍኳት። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ እዚያ ማዶ እንደ ላባ የሚወርደውም፣ ሁለቱም «በረዶ» ተብለው አረፉት። ልጅቷ የምታውቀውን በረዶ ተናገረች፤ እኔ የማላውቀውን በረዶ አስተምር ነበር።

ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ሌላ ምክንያት አለ። ልጅቷ በሒሳብም ትክክል ነበረች። ስድስት ክንድ ያለው የበረዶ ቅንጣት ስድስት የማጠፊያ መስመር አለው። ድቡልቡል ነገር ግን በመሐሉ እስከሄድክ ድረስ በፈለግከው በኩል ብትከፍለው እኩል ነው፤ በፈለግከው አቅጣጫ ብታዞረው ያው ነው። የእሷ በረዶ ከእኔ በረዶ የበለጠ ሲሜትሪ ነበረው። ትልቁን ይዛ መጣች፣ እኔ በትንሹ መለስኳት።

ጥፋቱን መጽሐፉ ላይ አልጥልም። መጽሐፉ በአገሩ ትክክል ነው። ዮሐንስ ኬፕለር የሚባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1611 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፕራግ ከተማ ሳለ፣ በረዶ ለምን ስድስት ማዕዘን እንደሚሆን የምትጠይቅ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለአንድ ወዳጁ የአዲስ ዓመት ስጦታ አድርጎ ሰጥቷል። ነገሩ የተጀመረው ድልድይ ሲሻገር ኮቱ ላይ ካረፈው በረዶ እንደሆነ እዚያው ይነግረናል። ኬፕለርም የጀመረው ወቅቱ ልብሱ ላይ ከጣለለት ነገር ነው። ሚኒያፖሊስና ስቶክሆልም የሚያድጉ የእኛ ልጆችም ጓንታቸው ላይ የሚያርፈውን ቅንጣት ይቁጠሩ፤ የእነሱ ወቅት ነውና። እኔ ዛሬ የምጠይቀው የእኛ ልጅ ኮት ላይ ምን እንደሚወድቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ሲሜትሪ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። «ሚዛናዊነት»፣ «ውበት»፣ «እኩልነት» እያሉ የሚያስረዱ አሉ። ለልጅ አይጠቅሙም፤ ለአዋቂም እጠራጠራለሁ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ አንድን ነገር አንድ ነገር ታደርገዋለህ፣ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ይገኛል። ክፍል ውስጥ በጨዋታ ይታያል። አንዱ ልጅ ዓይኑን ይጨፍን። ጓደኛው ጠረጴዛ ላይ ያለውን የካርቶን ቁራጭ ያዙረው፣ ወይም ይገልብጠው፣ ወይም ምንም አያድርገው። ዓይኑን የገለጠው ልጅ ምን እንደተደረገ ማወቅ ካቃተው ያ ቁራጭ ሲሜትሪ አለው። ክብ ቁራጭ ቢዞር ማንም አያውቅም። ካሬ ሩብ ዙር ቢዞር አይታወቅም፤ ከሩብ ያነሰ ቢዞር ይታወቃል። ሲሜትሪ ማለት መልክ ሳይሆን ድርጊት ነው፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይማሩትም። እጅ ማጠፍ፣ መገልበጥ፣ ማዞር፣ ማንሸራተት አለበት። ሲሜትሪን ሰሌዳ ላይ ብቻ ማስተማር ዋናን በሥዕል እንደማስተማር ነው።

አሁን ጳጉሜ ላይ ነን፤ ትምህርት ሊከፈት ነው። ስለዚህ ከቅርቡ ልጀምር።

ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ እንደሚነግሯችሁ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ በዚያ ቁጥር እንቁጣጣሽም መስቀልም ገና ክረምት ውስጥ ናቸው። ምድሩም ይመሰክራል፤ ጭቃው አልደረቀም። ግን በዚህ ሰሞን ደጋ ላይ ሁለት አበቦች አንድ ላይ ይገኛሉ፤ አደይ አበባና የባቄላ አበባ። ለሲሜትሪ ትምህርት ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። አደይን ከላይ አይታችሁ በጣቶቻችሁ መሐል ብታዞሯት ፊቷ አይለወጥም፤ ከየትኛውም ቅጠሏ ብትጀምሩ ያው ናት። የባቄላ አበባ ግን ላይና ታች አለው፤ ብታዞሩት ወዲያው ይታወቃል። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለቱ ክንፎቹ ግን ግራና ቀኝ ይመሳሰላሉ፤ እንደ ፊታችን አንድ የማጠፊያ መስመር ብቻ አለው። አንዷ የምትዞር፣ አንዱ የሚታጠፍ። የዕፅዋት ሊቃውንትም አበቦችን ሲለዩ ይህንኑ ልዩነት ይጠቀሙበታል። ልጆቹ ሁለቱንም በጠዋት ከመንገድ ዳር ለቅመው ይመጣሉ፤ የባቄላውን ግን ባለቤቱን አስፈቅደው ይሁን፤ አበባው የነገ እሸት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጆቹ የአደይን ቢጫ ቅጠሎች ይቁጠሩ፤ መልሱን ግን አትንገሯቸው። ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓይነት ቁጥር አይመጣም። አንዱ ስምንት ይላል፣ አንዱ ሰባት፣ የአንዷ በትል የተበላች ናት። እዚህ ላይ መምህሩ «ተሳስታችኋል» ሊል ይዳዳዋል። አይበል። ተፈጥሮ እንደ ኮምፓስ አትሠራም። ሲሜትሪ የሚባለው ሐሳብ ልክ ነው፤ አበባዋ ወደ ሐሳቡ ትጠጋለች እንጂ አትደርስበትም። ሰባት ቅጠል ያላት አደይ ሩብ ዙር ብትዞር ትታወቃለች፤ አንድ ሰባተኛ ዙር ብትዞር አትታወቅም። ይህን የሚነግርህ ልጅ ክፍልፋይንም ገብቶታል።

እንቁጣጣሽ ዕለት ሴቶቹ ልጆች አበባ ይዘው አበባየሆሽ ሲጨፍሩ፣ ወንዶቹ ሥዕል ይዘው በየጎረቤቱ ይዞራሉ፤ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ። አሁን አሁን የታተመ ካርድ ገዝተው የሚያዞሩ በዝተዋል፤ አልወደውም፤ ሳንቲሙ የሚሰጠው ለእጅ ሥራ ነበር። ይህን ሥዕል ወደ ክፍል አምጡት። ወረቀቱን እጠፍ፣ ክፈተው፣ በአንዱ ጎን ብቻ ግማሽ አበባ በወፍራም ቀለም ቀባ፣ እንደገና እጠፍና በመዳፍህ ተጫነው። ቀለም ከሌለ እርድ በውሃ ይበጠበጣል፣ ቀይ ሥር ይጨመቃል፣ ከሰል ይወቀጣል። አሮጌ ደብተር ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን ከመክፈቱ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት። በብዙዎቻችን ክፍል ልጁ ወረቀቱን ይከፍታል፣ ይደነቃል፣ እኛም እናጨበጭባለን፣ ትምህርቱ አለቀ። አላለቀም፤ አልተጀመረም። ከመክፈቱ በፊት ሌላ ወረቀት ላይ ምን እንደሚወጣ ይሣል። ጫፍ ላይ የነጠበው ነጥብ የት ይሆናል? መስመሩ ላይ የተቀባው አንድ ይሆናል ወይስ ሁለት? ገምቶ የከፈተ ልጅ ወይ ያሸንፋል ወይ ይሸነፋል፤ ሳይገምት የከፈተ ልጅ ግን ትርኢት አየ እንጂ ምንም አላጣም፣ ምንም አላገኘም። መማሪያ መጽሐፎች የሚወዷት «ግማሹ ተሥሏል፣ ቀሪውን ጨርስ» የምትለው ልምምድም ግምት ከሌለባት ግልበጣ ናት።

መስቀል ሲመጣ መቀስ ይወጣል። እናንተ አሁን ያጠፋችሁት ዓይነት እጥፋት ስምንት ድርብ ወረቀት ነው፤ ከላይ የምትቆርጡት ሁሉ ስምንት ጊዜ ይቆረጣል። ሲከፈት የሚወጣው ከላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ጋር ዘመድ ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው የተፈለፈሉት መስቀሎች ክንዳቸው እኩል ስለሆነ አራት የማጠፊያ መስመር አላቸው፤ ቁም፣ አግድም፣ ሁለት ሰያፍ። በዓል ላይ ካህናቱ በዘንግ የሚይዙት መስቀል ግን እግር አለው። እግሩን ስትጨምር ከአራቱ መስመር አንድ ብቻ ይቀራል። ልጆቹ በወረቀት ሠርተው እግሩን ሲለጥፉበት «ምን ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አንድ ነገር ሲጨመር ሲሜትሪ እንደሚቀንስ ያን ቀን ይገባቸዋል፤ ለትልልቅ ሰዎችም ቶሎ የማይገባ ነገር ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ይህን እጥፋት ይዞ መሐሉን፣ ከጎኖቹ ሁሉ ራቅ አድርጎ፣ በእስክሪብቶ ወጋው። «ስንት ቀዳዳ ይወጣል?» አልኩት። «አንድ ነው የወጋሁት፤ አንድ።» ከፈተው፤ ስምንት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ፊት ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየው፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ሌላ ወረቀት አነሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጠፈ፣ ወጋ፣ ከፈተ፤ ሁለት። ሁለቴ አጠፈ፤ አራት። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ እሱ አልወጣም።

በክፍላችሁ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ሌላም እምነት ያላቸው ልጆች አሉ። ያው እጥፋት ኮከብም፣ አበባም፣ የመስኮት ፍርግርግም ያወጣልና ማንም መስቀል እንዲቆርጥ አይገደድ። ኢድ ሲመጣ ደግሞ የሂናው ተራ ነው። የሴቶቹ ልጆች መዳፍ ላይ ያለው ሥዕል ሁለቱ መዳፎች ሲገጠሙ ይገናኛል ወይ? ወደ ላይ ሲዘረጉ ጎን ለጎን ምን ይመስላሉ? ቀኝ እጅ ግራ እጅን የሚሆነው በመስታወት ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ምንም ያህል ብታንሸራትተውና ብታዞረው አይሆንም። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ኢድ በየዓመቱ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ በስምንት ዓመት 88 ቀን ያህል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ወቅት። ለመምህር በረከት ነው። አንደኛ ክፍል በበጋ ያየው ልጅ ከፍ ሲል በመፀው ያየዋል።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብዙ አልቆይም። መኸር ነው፣ ቢላዋ ይያዛል፤ ቢላዋውን የምትይዙት ግን እናንተ። ሙዝ በወርዱ ሲቆረጥ መሐሉ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይታያል። ፓፓያ በወርዱ ሲቆረጥ ፍሬው ያለበት ጎድጓዳ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። ብርቱካን በወርዱ መንኮራኩር፣ በቁመቱ ሌላ ነገር ነው። ከመቁረጥ በፊት መገመት፣ ከቆረጡ በኋላ መብላት። የሲሜትሪ ትምህርት የሚበላበት ቀን ይህ ብቻ ስለሆነ ማንም አይቀርም።

ወደ ጥር ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ነገሩ ሀብታም ነው።

ጥምቀት ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ጃንጥላና ልብስ። ጃንጥላውን ከሥሩ ሆናችሁ ቀና ብላችሁ እዩት። የተለመደው የዝናብ ጃንጥላ ስምንት ዘንግ አለው፤ እጀታውን አንድ ዘንግ ያህል ብታዞሩት ያው ነው። 360ን ለስምንት ብታካፍሉ 45 ዲግሪ። ስለ ዲግሪ ያልተማረ ልጅ «አንድ ዘንግ» ይበል፤ በቂ ነው።

ልብሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእናቶቻችሁን ቀሚስ ጥለት አስታውሱ። ጥለት ማለት አንድ ቅርጽ በጠርዙ ላይ እየተደጋገመ የሚሄድበት ነው። ሸማኔው ድሩን ቆጥሮ፣ ማጉን አሳልፎ፣ ቅርጹን አንድ ጊዜ ይሠራና ከዚያ በኋላ ቆጠራውን ይደግማል። የጥለት ዓይነት በገበያ ላይ ለቁጥር ያታክታል፤ ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ፋሽኑ። ግን በአንድ አቅጣጫ ተደጋግሞ የሚሄድ ቅርጽ ሊከተላቸው የሚችሉት የሲሜትሪ ሥርዓቶች ሰባት ብቻ ናቸው። ስምንተኛ የለም፤ ሊኖርም እንደማይችል በሒሳብ ተረጋግጧል። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔም፣ ዶርዜ ያለውም፣ የግሪክ ሸክላ ሠሪም፣ የፔሩ ሴት ሸማኔም ከሰባቱ አንዱን እየሠሩ ነው።

ሰባቱን ለልጅ እንዴት ታስተምራለህ? በእግር። ጆን ኮንዌይ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ (በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው ያረፈው) ለሰባቱ ሥርዓቶች በእርምጃና በዝላይ ስም ሰጥቷቸዋል። እኛ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆችና የበጋ አቧራ አለን። ልጆቹ ጫማቸውን ያውልቁ። በአንድ እግር እየዘለሉ ይሂዱ፤ ዱካው መንሸራተት ብቻ ነው፣ አንድ ቅርጽ ወደፊት ይደገማል። በሁለት እግር እኩል እየዘለሉ ይሂዱ፤ ግራና ቀኝ መስታወት ሆነ፣ የማጠፊያው መስመር በመንገዱ ርዝመት ነው። እንደ ወትሮው ይራመዱ፤ እዚህ ቆም በሉ። የቀኝ ዱካ የግራ ዱካ ግልባጭ ነው፣ ግን ወደፊት ሸሽቷል። ታጥፎ የተንሸራተተ። ይህ ሥርዓት በዓይን ሲያዩት ግራ ያጋባል፤ ሲራመዱት ግን ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ጥለቱ ተመልሰው የትኛው ቀሚስ የትኛው አካሄድ እንደሆነ ይፈልጉ። አንዲት ልጅ የአያቷን ነጠላ ይዛ መጥታ «የእማማ ነጠላ በሁለት እግር ይዘላል» ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ የተሻለ መልስ በፈተና አላገኘሁም።

ስለ ነጠላ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለብዙዎች የደብተር ገጽ ሰያፍ መስመር የሲሜትሪ መስመር ይመስላቸዋል፤ የልጆች ብቻ ሳይሆን የአንዳንድ መምህራንም ስህተት ነው። ምክንያቱም ሰያፉ ገጹን እኩል ሁለት ያደርገዋል። እኩል መክፈልና መግጠም ግን አንድ አይደሉም። ከበዓል ማግስት ከእናታችሁ ጋር ነጠላ አጥፋችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ሁለት ሰው ጫፍ ይይዛል፣ ወርዱ ይታጠፋል፣ ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ይገናኛሉ። ማንም ነጠላን በሰያፍ አያጥፍም፤ ጫፉ ይወጣልና። ያን የወጣ ጫፍ በደብተር ገጽ ያየ ልጅ በፈተና አይሳሳትም።

ይህ ሁሉ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፓውሉስ ጌርደስ የሚባል ኔዘርላንድ ተወልዶ ሞዛምቢክ የኖረ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አረፈ። ዕድሜውን የፈጀው ቅርጫት፣ ምንጣፍና ወጥመድ የሚጎነጉኑ የአፍሪካ ባለ እጆች ሲሠሩ ምን ዓይነት ጂኦሜትሪ እንደሚያስቡ በማጥናትና ያንኑ ለመምህራን በማስተማር ነው። የእሱን ሥራ ካነበብኩ በኋላ የሰፌድ ሥራ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ስንደዶና አክርማ ይዛ በወስፌ የምትሰፋ ሴት ኮምፓስ የላትም። ከመሐል ትጀምራለች፣ ዙሩ ሲሰፋ ስፌቱ ይበዛል፣ ኮከቡ ሳይዛነፍ እንዲያድግ በየዙሩ ስንት ስፌት በየትኛው ቀለም እንደሆነ ትቆጥራለች። ሰፌዱን ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ «የማጠፊያ መስመር አለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልጆቹ «አዎ» ይላሉ። ቀርባችሁ እዩት። ስፌቱ ተጠምዝዞ የሚወጣ አንድ መስመር ነው፤ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። መስታወት ብታቆሙበት መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰፌድ በተቃራኒው ይጠመዘዛል። ከሩቅ ሲሜትሪ፣ ከቅርብ ሌላ። በዚህ ላይ ልጆች ሲከራከሩ ዝም ብሎ መስማት ጥሩ ነው።

ትንሽ የእጅ መስታወት አላችሁ? ጠርዙን በፕላስተር ለብጡትና ክፍል ውስጥ ይኑር። ከሁሉ አስቀድሞ ፊደል ገበታው ላይ አቁሙት። በ፣ ሐ፣ ጠ፣ ወ፣ ዐ፣ ፀ፤ ግዕዞቹ ቆመው የሚታጠፉ ናቸው። ቡ ስትሉ ቀኝ ጎኗ ላይ ቅጥያ ይወጣና ሲሜትሪዋ ይፈርሳል። አሁን ባን እዩ፤ ቀኝ እግሯ ረዘመ። ቦን እዩ፤ ግራ እግሯ ረዘመ። ባ በመስታወት ቦ ናት! ሳ በመስታወት ሶ ናት። «ሳባ» ብላችሁ ጽፋችሁ መስታወት ጎኗ ላይ ብታቆሙ «ቦሶ» ብላ ትወጣለች። ሳን ሶ፣ ባን ቦ ብሎ የሚጽፍ የአንደኛ ክፍል ልጅ ደንቆሮ አይደለም። ከተወለደ ጀምሮ ያያቸው ነገሮች ሁሉ ወደ ግራ ቢዞሩም ወደ ቀኝ ቢዞሩም ስማቸው አይለወጥም ነበር፤ ድመት ወዲያ ብታይም ወዲህ ብታይም ድመት ናት። ፊደል ናት ይህን ሕግ ያፈረሰችበት። በዚህ ምክንያት የተገረፉ ልጆችን አውቃለሁ፤ ከእነሱም አንዱ እኔ ነኝ። ገራፊዬን አልወቅስም፤ መስታወት አልነበራቸውም።

ከሆሳዕና በፊት ባሉት ቀናት ዘንባባ ይገኛል። ቀለበት ማጠፉን ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ እነሱ ያስተምሩ፣ መምህሩ ይማር። የአንዱ እጥፋት ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ይጠያየቁ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ይዘጋል፤ ክረምቱ የወላጆች ነው። ከባድ ነገር አልጠይቃችሁም። ዝናብ ካባራ በኋላ ኩሬ ዳር ከልጃችሁ ጋር ቁሙ። ውሃው ውስጥ ያለው ዛፍ ጫፉ ወዴት ነው? ድንጋይ ብንጥል ምን ዓይነት ቅርጽ ይወጣል? ማዕድ ላይ ደግሞ በሳህን ዙሪያ ክብ ወረቀት ቁረጡና «ይህ እንጀራ ስንት ቦታ ይታጠፋል?» በሏቸው። አራት የሚል አለ፣ መቶ የሚል አለ። አጥፈው ይዩት፤ ማለቂያ የለውም። ሁለት ጊዜ አጥፈው ሲከፍቱ ሁለቱ እጥፋቶች የሚገናኙበት ነጥብ የክቡ እምብርት ነው፤ ያለ ኮምፓስ ተገኘ። ቡሄ ላይ ሙልሙሉ ሲመጣም ያው ጥያቄ አለ፤ ግን ትኩስ ሙልሙል የያዘ ልጅ ጂኦሜትሪ አይጠየቅም።

ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል እንዳላችሁ አውቃለሁ። መቀስ ለሁሉም አይደርስም፣ ጫጫታ ይሆናል፣ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ያያሉ፣ የወረቀት ቁራጭ የሚጠርግ ማን ነው የሚል ይመጣል። ሁለት ሁለት አድርጓቸው፤ አንዱ ይጠፍ፣ አንዱ ይገምት፣ ከዚያ ይለዋወጡ። መቀስ ከሌለ በእጅ ይቀደዳል፤ እናንተም አሁን በጥፍር ነው የቀደዳችሁት።

እንግዲህ ወደ ወረቀታችሁ። ስምንት ድርብ ነው። አንድ ጊዜ የመሐሏን ጫፍ ቆንጥራችኋል፣ አንድ ጊዜ የታጠፈ ጎን ላይ ቀዳችኋል። ያ ልጅ መሐሉን ሲወጋ ስምንት ቀዳዳ አግኝቷል፤ እናንተ ግን መሐሉን አልወጋችሁም። ስንት ቀዳዳ ይወጣል? ለጎረቤታችሁ ንገሩ፤ ቁጥራችሁ ካልተስማማ አንዳችሁ ሌላውን አሳምኑ፤ አጠገባችሁ ልጅ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከዚያ ክፈቱት።